ስለ ሁለት ጊታርና ስለ አንድ ልጅ ጆሮ

ለልጁ ዕቃ ገዝቶ ያልተጸጸተ አባት በአገራችን ጥቂት ይመስለኛል። አንዱ ውድ ዕቃ ገዝቶ ስለ ገንዘቡ ያዝናል፤ ሌላውም ርካሽ ገዝቶ ስለ ልጁ ያዝናል። እኔ ርካሽ ከገዙት ወገን ነኝ። ነገር ግን የሚቈጨኝ ከግዢው ይልቅ ከአንደበቴ የወጣው ቃል ስለ ሆነ፣ ልጆቻቸው ሙዚቃ ለሚወዱባቸው አባቶችና እናቶች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ በቤቴ የደረሰውን እንዳለ ልጽፈው ወደድሁ።

መኖሪያዬ በካፋ፣ ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው በማንኪራ ነው። የቡና እናት የምትባለው ዛፍ በዚህ ስለምትገኝ የቀበሌያችንን ስም የሰማ ሰው ብዙ ነው። የካፋም ደን በፈረንጆች አቈጣጠር በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ገብቷል። ከአባቴ የወረስሁት ቡና በዚህ ጫካ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ከተሰናበትሁ ወዲህም የቤቴ መተዳደሪያ እርሱና በዛፍ ላይ የተሰቀሉ ጥቂት የማር ቀፎዎች ናቸው።

ሦስተኛው ልጄ ዕድሜው ዐሥራ ስድስት ነው። በቦንጋ ይማራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤት በመጣ ቍጥር ከጎረቤታችን ከአንድ ሽማግሌ ክራር ይማር ነበር። ከዚያም በኋላ የአይቤክስንና የሮሃን ባንድ ዘፈኖች፣ ይልቁንም የጊታረኛውን የሰላም ስዩምን አጨዋወት በስልኩ እየሰማ፣ «አባባ፣ የኤሌክትሪክ ጊታር ግዛልኝ» ማለት ጀመረ። እኔም ለጉዳይ አዲስ አበባ በሄድሁ ጊዜ ስሙን ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን ቀይ ጊታር ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። ቀለሙ እንደ መስተዋት ያበራል። ሻጩም፣ «ቅርጹ ከአሜሪካው ከፌንደር ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ ስም ብቻ ነው» አለኝ። ቡና የሚሸጥ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ማመን ይቀናዋል። የእኛ ቡና ከአንድ ጫካ ወጥቶ በጆንያ ሲሆን በርካሽ፣ ስም በተጻፈበት ቆርቆሮ ሲሆን ደግሞ በብዙ እጥፍ እንደሚሸጥ እናውቃለንና።

ልጁ በዕቃው እጅግ ተደሰተ፤ ሌሊትም ቀንም ከእጁ አላወጣው። ሆኖም ከወራት በኋላም ቢሆን የሚጫወተው ትዝታ ትዝታ አይመስልም ነበር። ከላይ ሲጀምር ደኅና ይሆንና፣ ጣቱ በአንገቱ ላይ ወደ ታች በወረደ መጠን ዜማው ይጎመዝዛል። በመስቀል ዕለት እንግዶች በቤታችን ተሰብስበው ሳሉ እንዲጫወት አዘዝሁት። ተጫወተ፤ ያው ጎምዛዛ ዜማ ነበረ። እኔም ከእንግዶቹ አፍሬ፣ «ልጄ፣ እግዚአብሔር ለሁሉም አንድ ዓይነት ጆሮ አልሰጠም፤ ይህን ትተህ ትምህርትህን ያዝ» አልሁት። እንግዶቹ ሣቁ። ልጁ ምንም ሳይመልስ ጊታሩን ግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ ከመስቀል እስከ ገናም ድረስ አላወረደውም።

ባለቤቴ ግን፣ «የልጁ ጆሮ ደኅና ነው። ክራር ሲቃኝ ስሕተት የለበትም፤ በክራር ያልጠፋ ጆሮ በጊታር እንዴት ይጠፋል?» ትለኝ ነበር። እውነተኛ ጥያቄ ነበረ፤ እኔም ብዙ ባሎች እንደሚያደርጉት ሳልመልስ ዝም አልሁ።

ለገና በዓል የባለቤቴ ወንድም ከአሜሪካ መጣ። እርሱም በወጣትነቱ ጊታር የሚነካካ ሰው ስለ ሆነ፣ ፌንደር ስትራቶካስተር የተባለውን በአሜሪካ የተሠራውን ጊታሩን በጠንካራ ሣጥን አድርጎ፣ ትንሽ የድምፅ ማጉያም ጨምሮ ይዞ መጣ። በማጉያው ገና በመጀመሪያው ማታ ቤታችንን ሊያቃጥል ነበር፤ የአሜሪካ ዕቃ የሚሠራው በ120 ቮልት ሲሆን የእኛ መብራት 220 መሆኑን ረስቶ ሊሰካው ሲል ልጄ እጁን ያዘው። ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ሁሉ ከዕቃው ጀርባ የተጻፈውን ቍጥር አስቀድሞ ያንብብ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱንም ጊታሮች የሰማናቸው በልጄ ማጉያ ነው።

ስለ ፌንደር ጊታር ጥቂት ልንገራችሁ። ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ፣ በፉለርተን ከተማ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበረ፤ እርሱ ራሱ ጊታር መጫወት አያውቅም ነበር። በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ በ1946 አቋቋመ፤ ስትራቶካስተር የተባለውን በ1954 አወጣ፤ ዋጋውም በዚያን ጊዜ 249 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበረ። የቀድሞ ሠሪዎች አንገቱን በሙጫ ከአካሉ ጋር ሲያጣብቁ፣ ፌንደር በብሎን አሠረው፤ ይህም በፋብሪካ ቶሎ ለመሥራትና የተበላሸውን አውጥቶ በሌላ ለመለወጥ እንዲመች ነው። እንግዲህ ዛሬ በሣጥን ተጭኖ የሚዞረው ዕቃ በተወለደ ጊዜ የታሰበው ለዕለት ሥራ ነበረ። ተወዳዳሪው ጊብሰን ግን በ1902 በሚሺጋን፣ በካላማዙ የተመሠረተና የቈየ የእንጨት ሥራ ልማድ ያለው ቤት ነው፤ ሌስ ፖል የተባለውን ጊታሩን በ1952 ከማሆጋኒ እንጨት ሠርቶ ፊቱን በሜፕል አለበሰው።

አማቼ ጊታሩን ሲያሞግስ እኔ የሻጩን ቃል ነገርሁት፤ ክርክርም ሆነ። በመጨረሻም፣ እኛ ቡና ሲቀመስ እንደምናደርገው ይሁን አልሁ። ቡና ቀማሽ የባለቤቱን ስም ሳያውቅ ይቀምሳል፤ ስኒዎቹ ተራ በተራ ይደረደራሉ፣ በላያቸው ቍጥር እንጂ ስም የለም፤ እርሱም በማንኪያ እየሳበና እየተፋ ይፈርዳል። እኛም እንዲሁ ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን እንድንቀመጥ፣ ልጁም በአንድ ገመድና በአንድ ማጉያ ሁለቱን እየለዋወጠ እንዲጫወት ተስማማን። የክራር መምህሩም ሽማግሌ ለፍርድ ተጠሩ።

ልጁ ግን እምቢ አለ። የመስቀሉ ነገር ከልቡ እንዳልወጣ ያን ጊዜ ገባኝ። አጎቱ ብዙ ለምኖት ተነሣ።

በመጀመሪያ የተሰማው ያ የማውቀው ጎምዛዛ ዜማ ነበረ። ከዚያ ጥቂት ዝም አለና ሁለተኛው ተጀመረ። ትዝታ ነበረ፤ ምንም ያልጎደለው ትዝታ። ያው ልጅ፣ ያው ጣት፣ ያው ዜማ ነበረ። አማቼ፣ «ጋሼ፣ ስም በከንቱ ይከበራል?» ብሎ ሣቀ፤ እኔ ግን ስለ ጊታሩ መሸነፍ አላሰብሁም። በመስቀል ዕለት ጆሮ የለህም ያልሁት ልጅ ይህንን የሚጫወተው ልጅ ነው ወይ እያልሁ ፊቴን ከግድግዳው ሳልመልስ ቈየሁ።

ሽማግሌው ቀዩን ጊታር ተቀብለው ክሮቹን አንድ በአንድ ሳይጫኑ መቱ፤ ሁሉም ቅኝታቸውን የጠበቁ ነበሩ። ቀጥለውም አንዱን ክር በጣታቸው መካከሉ ላይ ተጭነው መቱና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ ዕቃ ሲለቁት እውነት ይናገራል፤ ሲጫኑት ይዋሻል። ልጁ ከእርሱ ጋር ሲከራከር ነው የከረመው» አሉ።

ይህ ነገር እንዴት እንደሚሆን በኋላ የተረዳሁትን ላስረዳ። በክራር ላይ እያንዳንዱ ክር አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚሰጥ፣ አንዴ የተቃኘ ክር አይዋሽም። በጊታር ግን አንዱ ክር አንገቱ ላይ በተተከሉት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች፣ ማለት በፍሬቶቹ ላይ ሲጫኑት ብዙ ድምፅ ይሰጣል። በፌንደር ጊታር ክሩ ከአንገቱ ራስ እስከ ብርኩማው ድረስ 64.8 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ 12ኛው ፍሬት በእኩሌታው ላይ ይገኛል፤ እዚያ ሲጫኑት ያው ድምፅ አንድ መደብ ከፍ ብሎ መሰማት አለበት። ነገር ግን ክር ሲጫኑት ትንሽ ይወጠራል፣ የተወጠረም ክር ድምፁ ከሚገባው በላይ ይወጣል። ስለዚህ ብርኩማው ላይ ለየክሩ የተሠሩት ትንንሽ ማረፊያዎች በብሎን ወደ ኋላ እየተሳቡ ያንን ትርፍ ማካካስ አለባቸው። በልጄ ጊታር ላይ ስድስቱም ማረፊያዎች ከፋብሪካ እንደ ወጡ በአንድ መስመር ተሰልፈው ነበር። ማንም አልነካቸውም። በአንገቱም ራስ ላይ ክሩ የሚያልፍባቸው ጎድጓዶች በጥልቀት ስላልተቈፈሩ፣ ክሩ ከፍሬቱ ርቆ ይቀመጣል፤ ልጁም ሲጫነው ከሚገባው በላይ ይወጥረዋል።

ከጥምቀት በኋላ አማቼ ወደ አገሩ ሊመለስ ስለ ሆነ፣ ሁለቱን ጊታሮችና ልጁን ይዘን በጅማ በኩል አዲስ አበባ ሄድን። በዚያም ወደ አንድ ጊታር ጠጋኝ ዘንድ ገባን። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ሁሉ አንገትና ክር ነው። ቀዩን ጊታር አገላብጦ አየና፣ «እንጨቱ ደኅና ነው፤ ያልተጨረሰ ሥራ ነው እንጂ የተበላሸ ሥራ አይደለም» አለን። በትንንሽ ሞረዶች የአንገቱን ራስ ጎድጓዶች አጠለቀ። የፍሬቶቹን ጫፍ፣ የልጁን መዳፍ ሲቧጥጥ የነበረውን፣ አንድ በአንድ ሞረደ፤ ከፍ ያሉትን ከዝቅተኞቹ ጋር አስተካከለ። ማረፊያዎቹን በካቻቢቴ እየሳበ፣ እየመታና እየሰማ፣ ክር በክር ቃኛቸው። ከዚህም በቀር በአንገቱ ውስጥ የተቀበረ የብረት ዘንግ እንዳለ፣ በክረምት እርጥበት አንገቱ ሲጎብጥ በትንሽ ቍልፍ ጥቂት እያዞሩ ማቅናት እንደሚቻል ለልጄ አሳየው፤ ማንኪራን ለሚያህል ዝናባም አገር ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ሥራው ሦስት ሰዓት ፈጀ፤ የተከፈለውም ገንዘብ የጊታሩን ዋጋ ሩብ አልሞላም።

ጠጋኙ ሲሠራ ብዙ ነገር አጫወተን። በ1970ዎቹ የጃፓን ፋብሪካዎች የአሜሪካኖቹን ጊታር መልክ እየቀዱ ይሠሩ ነበር፤ ሥራቸውም መልካም ከመሆኑ የተነሣ በ1977 የጊብሰን ባለቤቶች የአይባኔዝን ጊታር በአሜሪካ የሚያከፋፍለውን ኩባንያ ከሰሱት። ፌንደር ደግሞ በ1982 ራሱ በጃፓን ማሠራት ጀመረና ስኳየር በሚል ስም በርካሽ ሸጠ፤ ስሙን የወሰደውም በ1965 ከገዛው ከአንድ አሮጌ የክር ፋብሪካ ነው። ጊብሰንም በ1957 የገዛውን የቀድሞ ተቀናቃኙን ኤፒፎንን በእስያ እያሠራ ርካሹን ገበያ በእርሱ ይይዛል። እንግዲህ የውዱና የርካሹ ስም ባለቤት አንድ ሰው ነው ማለት ነው። ዛሬ በኢንዶኔዥያና በቻይና ያሉ ትልልቅ ፋብሪካዎች የብዙ ኩባንያዎችን ጊታር ይሠራሉ፤ እንጨቱን የሚቈርጠው መኪና ለርካሹም ለውዱም በእኩል ትክክል ይቈርጣል።

«ታዲያ የዋጋው ልዩነት የት ነው?» አልሁት። በአሜሪካ የተሠራ አዲስ ስትራቶካስተር ከርካሹ ስኳየር በብዙ እጥፍ ይወደዳልና። ጠጋኙም ሁለቱን ጊታሮች ከፍቶ ውስጣቸውን አሳየኝ። የክሩን መንቀጥቀጥ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ዕቃ፣ ፒካፕ የሚሉት፣ በሺህ የሚቈጠር ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። በአሜሪካው ውስጥ ስድስት ዘንጎች አሉ፤ እያንዳንዱ ዘንግ ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት የተቀላቀለ ማግኔት ነው። በርካሹ ውስጥ ግን ዘንጎቹ ተራ ብረት ናቸው፤ ማግኔቱ ከሥራቸው የተለጠፈ የሴራሚክ ቁራጭ ነው። በውዱ መቃኛዎቹ አይንሸራተቱም፤ ድምፅ መቀነሻው ሲያዞሩት አይንሿሿም። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የሰው እጅ የቈየበት ሰዓት ነው፤ እኛ በሦስት ሰዓት ያስጨረስነውን የአሜሪካው ፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዙን እየተቀበለ አስቀድሞ ጨርሶታል፤ ያም ደመወዝ በዋጋው ውስጥ አለ። የቀረው ስም ነው። ስምም ቢሆን ፈጽሞ ከንቱ አይደለም፤ አማቼ ጊታሩን ነገ ሊሸጠው ቢፈልግ ገዢ አያጣም፣ የእኛን ቀይ ጊታር ግን ማን ይጠይቀዋል?

እዚያው ጠጋኙ ቤት ሁለተኛውን ፈተና አደረግን። አሁን ጠጋኙ ተጫወተ፤ ልጄ፣ አማቼና እኔ ፊታችንን አዙረን በየወረቀታችን ጻፍን። ዐሥር ጊዜ ተለዋወጠ። እኔ ስድስቱን አገኘሁ፤ በግምትም ቢሆን አምስት ይገኝ ነበር። የውዱ ጊታር ባለቤት፣ አማቼ፣ አምስት አገኘ፤ ወረቀቱንም አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ልጄ ዘጠኝ አገኘ።

ጠጋኙ ልጁን፣ «በምን ለየኸው?» ሲል ጠየቀው። ልጁም፣ «የቀዩ ጊታር ድምፅ ሲጀምር ይበረታል፤ ሲጨርስ ግን ቶሎ ይሞታል» አለ። ጠጋኙ እኔን እያየ፣ «ጋሼ፣ ይህ ጆሮ የሚገኝ ጆሮ አይደለም» አለኝ። እኔ በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ የምቆምበት ስፍራ ጠፋኝ።

ማታ አማቼ ጊታሩን በእኩሌታ ዋጋ ሊተውልን እንደሚወድ ነገረኝ። ቸርነቱን አልካድሁም። ነገር ግን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዶላር ዕቃ እኩሌታውም ቢሆን ለእኛ ሙሉ ዋጋ ነው፤ ብሩን ስቈጥረው የዓመቱን ቡናዬን ዋጋ ሊጨርስ ምንም አልቀረውም። ከልጁ በታች ሁለት የሚማሩ ልጆች አሉኝ። ባልችል አልሁ። ልጁ ልዩነቱን የማይሰማ ቢሆን ኖሮ መከልከሉ ይቀለኝ ነበር፤ የሚሰማውን መከልከል ግን ሌላ ነገር ነው። ልጁ ጊታሩን በሣጥኑ አስተኝቶ፣ ክዳኑን ከመዝጋቱ በፊት ጥቂት አየው። ስንመለስ እስከ ጅማ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔም ላጽናናው አልሞከርሁም።

በአገራችን አባት ልጁን ይቅርታ መጠየቅ አልተለመደም። ጓዳ ጠርቼ በዝግታ ልንገረው ብዬ አስቤ ነበር፤ ባለቤቴ ግን፣ «በሰው ፊት የተሰበረ በሰው ፊት ይጠገናል» አለችኝ። ስለዚህ ለፋሲካ የመስቀሎቹን እንግዶች አንድም ሳላስቀር ጠራኋቸው። ከምሳ በኋላ ተነሥቼ፣ «በመስቀል ዕለት ይህን ልጅ ጆሮ የለህም ብየው ነበር፤ እናንተም ሰምታችኋል። የተሳሳተው ጊታሩ ነበረ፤ ከጊታሩም ይልቅ እኔ ነበርሁ። ልጄ፣ ይቅር በለኝ» አልሁ። ልጁ ፊቱ ቀላ፤ «ይሁን አባባ» ብሎ ተነሥቶ ጕልበቴን ሳመ።

ከዚያም ቀዩን ጊታር አወረደ። ገና ሲጀምር መብራት ጠፋ፤ በማንኪራ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የኤሌክትሪክ ጊታር መብራት ሲያጣ ድምፁ ከክራር ያነሰ ነው፤ አካሉ ድፍን እንጨት ስለ ሆነ የሚያስተጋባበት ሆድ የለውም። እንግዶቹ ወንበራቸውን እየሳቡ ተጠጉ፤ የክራሩ ሽማግሌ ጆሯቸውን ከእንጨቱ ጋር ሊያነካኩ ምንም አልቀራቸውም። ትዝታን ከላይ እስከ ታች ወርዶ ተመለሰ።

እኔም አዋቂ ለመምሰል፣ «ልጄ፣ አራተኛው ክር ትንሽ አልወረደም?» አልሁት።

«አልወረደም፣ አባባ» አለኝ።

ሽማግሌውን አየኋቸው። እርሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ክሩ አልወረደም ነበር።